ከዲኤልኤስኤስ 1 እስከ 4፦ ጌሙ ተሻሻለ ወይስ ቁጥሩ ብቻ ጨመረ?

በጃንዋሪ 2025 የግራፊክስ ካርድ (የጌምን ምስል የሚያሰላው የኮምፒውተር ክፍል) የሚሠራው የኤንቪዲያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄንሰን ሁዋንግ ላስ ቬጋስ ውስጥ መድረክ ላይ ወጥተው ጌመሩን ሁሉ ያነጋገረ ነገር ተናገሩ። 549 ዶላር ዋጋ የወጣለት አርቲኤክስ 5070 ካርድ የአርቲኤክስ 4090ን አቅም ይሰጣል አሉ። 4090 ሲወጣ ዋጋው 1,599 ዶላር ነበር። ይህ ያለ ኤአይ የማይቻል እንደሆነም እዚያው ጨመሩ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርዱ ማርች ላይ ገበያ ገባ። ገምጋሚዎችም ፈተሹት። የኤአይ እገዛው ጠፍቶ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲወዳደሩ 5070 ከ4090 አጠገብ እንኳ አልደረሰም። አቅሙ ከቀደመው ትውልድ 4070 ሱፐር ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። እገዛው ሲበራ ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታይ ፍሬም፣ ማለትም ምስል) ቁጥር እውነትም ሽቅብ ይወጣል። ታዲያ የትኛውን እንመን?

ለዚህ መልስ ለማግኘት ያንን የኤአይ እገዛ የሚሰጠውን፣ ዲኤልኤስኤስ የሚባለውን የኤንቪዲያ ቴክኖሎጂ ከመጀመሪያው ስሪት ጀምሮ ማየት ያስፈልጋል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንዱ ምስሉን ማጥራት ነው። ሌላው ፍሬም መጨመር ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚሸጡ ሰው ቢምታታበት አይፈረድበትም። እኔ እስከማየው ድረስ የእነዚህ ዓመታት ትልቁ ስኬት የመጀመሪያው ነው። ማስታወቂያው የሚጮኸው ግን ስለ ሁለተኛው ነው።

ነገሩ ሁሉ የፒክስል ብዛት ነው

አንድ ፉል ኤችዲ ስክሪን 1920 በ1080 ነው። ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ፒክስል (የምስል ነጥብ) ይሆናል። 4ኬ ደግሞ ከ8.2 ሚሊዮን በላይ ነው። ልክ አራት እጥፍ። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም ያሳይ ከተባለ ካርዱ ይህን ሁሉ ፒክስል በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ አስልቶ መጨረስ አለበት። ከዚያ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

በ2018 በዚህ ሸክም ላይ ሬይ ትሬሲንግ ተጨመረ። ብርሃን ከየት ተነስቶ የት ላይ እንደነጠረ እየተከተለ የሚያሰላ ዘዴ ነው። ውበቱ አያከራክርም። ዝናብ የጠገበ አስፋልት ላይ የሚታየው የመብራት ነጸብራቅ፣ በመስኮት የገባው ፀሐይ ግድግዳው ላይ የሚያሳርፈው ቀለም፣ ሁሉም እውነት ይመስላል። ግን ካርዱን ያደቃል። የአርቲኤክስ 20 ካርዶች በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሲወጡ ውድ የሚባሉት ሳይቀሩ ሬይ ትሬሲንግ ሲበራባቸው ፍጥነታቸው ክፉኛ ይወርድ ነበር።

መፍትሔው ሲነገር ቀላል ነው። ጥቂት ፒክስል አስላ፣ ከዚያ ምስሉን አሳድገው። ሐሳቡም አዲስ አልነበረም። ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ በ2016 ሲወጣ ብዙ ጌሞቹ ግማሹን ፒክስል ብቻ እያሰሉ ሌላውን ግማሽ ከቀደመው ፍሬም እየሞሉ ነበር ወደ 4ኬ የሚጠጉት። ኤንቪዲያ ያመጣው አዲስ ነገር የማሳደጉን ሥራ ለሠለጠነ ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌ ለሚማር የኤአይ ፕሮግራም) መስጠቱ ነው። አርቲኤክስ ካርዶች ውስጥ ያለው ቴንሰር ኮር የተሠራው ለዚህ ዓይነት ስሌት ነው።

የመጀመሪያው ስሪት ለምን አልተሳካም?

ዲኤልኤስኤስ 1 በፌብሩዋሪ 2019 ባትልፊልድ 5 እና ሜትሮ ኤክሶደስ የተባሉት ጌሞች ላይ ሲደርስ ብዙ ተጠብቆ ነበር። የወጣው ምስል ግን ደብዛዛ ሆነ። ገምጋሚዎች ቀላል ሙከራ አደረጉ። ዲኤልኤስኤስን አጥፍተው የጌሙን ሪዞሉሽን (የፒክስል ብዛት) ከ4ኬ ትንሽ ዝቅ አደረጉት። ፍጥነቱ ያው ሆነ፣ ምስሉ ግን የተሻለ ነበር። ለአዲስ ቴክኖሎጂ ከዚህ የከፋ ውጤት የለም።

ችግሩ ሁለት ነበር። ኔትወርኩ ለእያንዳንዱ ጌም ለብቻው መሠልጠን ነበረበት። ስለዚህ ሥራው ይጓተታል፣ በአንዳንድ ካርድና ሪዞሉሽን ላይም ጭራሽ አይበራም ነበር። ይሄ የሚቻል ችግር ነው። ዋናው ችግር የሚሠራው በአንድ ፍሬም ውስጥ ባለው መረጃ ላይ ተመርኩዞ መሆኑ ነው።

እስቲ ጌም ውስጥ ራቅ ብሎ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ አስቡ። ሪዞሉሽኑ ዝቅ ሲል ሽቦው ከአንድ ፒክስል ይቀጥናል። ካርዱ ፒክስሉን የሚያሰላው መሐሉ ላይ ያለችውን አንዲት ነጥብ አይቶ ነው። ነጥቧ ሽቦው ላይ ካረፈች ጥቁር ይሆናል። ካላረፈች ሰማይ ይሆናል። ስለዚህ ሽቦው የተቆራረጠ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ካሜራው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ነጠብጣቡ ቦታ ይቀያይራል፣ ሽቦውም ይርገበገባል። ኔትወርኩ ይህን አንድ ፍሬም ብቻ ይዞ ሽቦው የት የት እንዳለ መገመት ነበረበት። የሌለ መረጃ ከየት ይመጣል?

ቁልፉ የተገኘው በሁለተኛው ስሪት ነው

በማርች 2020 የወጣው ዲኤልኤስኤስ 2 ስሙን ወረሰ እንጂ ሌላ ነገር ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ዕርምጃ ይኼ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። በጭራሮ አጥር ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ግቢ የሚያይ ሰው ቆሞ ሲያይ የሚታየው ቁርጥራጭ ነው። ጭንቅላቱን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ ሲያደርግ ግን ቀድሞ የተሸፈነው ይገለጥና ግቢው ሙሉውን ይታየዋል። ዲኤልኤስኤስ 2 ካሜራውን በእያንዳንዱ ፍሬም ከአንድ ፒክስል ባነሰ መጠን እያዘነበለ ጌሙን ያሰላል። ስለዚህ በዚህኛው ፍሬም ሽቦውን የሳተችው ነጥብ በሚቀጥለው ታገኘዋለች። ጥቂት ፍሬሞች ሲደመሩ ዝቅተኛ ሪዞሉሽን ላይ የተሠራው ምስል ውስጥ ለከፍተኛው የሚበቃ እውነተኛ መረጃ ይጠራቀማል። ግምቱ በጣም ቀነሰ ማለት ነው። ሽቦው ሽቦ ሆኖ ተመለሰ።

ጌም ግን ቆሞ አይጠብቅም። መኪናው ይሄዳል፣ ሰውየው ይሮጣል። የባለፈው ፍሬም መረጃ ዝም ብሎ ቢደመር ሁሉም ነገር ጭራ ያወጣል። ስለዚህ ጌሙ ራሱ ሞሽን ቬክተር የሚባል መረጃ ይሰጣል። እያንዳንዱ ነጥብ ባለፈው ፍሬም የት ቦታ ላይ እንደነበረ የሚናገር ነው። ኔትወርኩ ይህን ይዞ የድሮውን መረጃ ወደ አዲሱ ቦታ ያመጣዋል። ከዚያ አንድ ከባድ ውሳኔ ይወስናል፦ ይሄ የድሮ መረጃ ዛሬም ይሠራል ወይስ ጊዜው አልፎበታል?

የዘርፉ ጥበብ ሁሉ ያለው በዚህች ውሳኔ ውስጥ ነው። ሯጩ ሲያልፍ ከኋላው የሚገለጠው ግድግዳ ቀድሞ ታይቶ አያውቅም። ስለሱ የተጠራቀመ መረጃ የለም። ጭስ፣ የእሳት ፍንጣሪ፣ ዝናብና ነጸብራቅ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ሞሽን ቬክተር የላቸውም። በእነዚህ ቦታዎች የተሳሳተ ውሳኔ ከተወሰነ ምስሉ ወይ ይደበዝዛል ወይ የጥላ ጭራ ይጎትታል። ከዚያ በፊት ብዙ ጌሞች ላይ የነበረው ቲኤኤ የሚባለው ዘዴም ያለፉ ፍሬሞችን ይደምር ነበር። ግን ውሳኔውን የሚወስነው ፕሮግራመሮች በእጅ በጻፉት ሕግ ነበር። ዲኤልኤስኤስ 2 ያንን ሕግ በሠለጠነ ኔትወርክ ተካው። አንዴ የሠለጠነው ኔትወርክም ለሁሉም ጌም ይሠራል።

ውጤቱ ሰውን አስገረመ። ኮንትሮል የተባለው ጌም የሚካሄደው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። ግድግዳው በማስታወቂያና በጽሑፍ የተሞላ ነው። ደቃቅ ጽሑፍ የሪዞሉሽን ጥሩ ፈተና ነው፣ ወይ ይነበባል ወይ አይነበብም። ጌሙ ዲኤልኤስኤስ 2ን ሲያገኝ በኳሊቲ ሞድ (ለጥራት በሚያደላው ምርጫ) ከ1440ፒ ወደ 4ኬ ያደገው ምስል ከእውነተኛው 4ኬ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ለመለየት ዓይንን ማጥበብ ይጠይቅ ነበር። በፐርፎርማንስ ሞድ (ለፍጥነት በሚያደላው) ደግሞ ካርዱ የሚያሰላው 1080ፒ (ፉል ኤችዲ) ነው። ማለትም ከአራት ፒክስል አንዱን።

ኤኤምዲ በሌላ መንገድ መጣ

የኤንቪዲያ ተፎካካሪ ኤኤምዲ በጁን 2021 የራሱን ምስል ማሳደጊያ ኤፍኤስአር 1ን ሲያወጣ ኒውራል ኔትወርክ አልተጠቀመም። የሚሠራው በአንድ ፍሬም ላይ ብቻ ነበር። ምስሉም ከዲኤልኤስኤስ 2 ጋር አይወዳደርም። ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፤ በማንም ካርድ ላይ ይሠራል። የኤንቪዲያን አሮጌ ጂቲኤክስ 1060 የያዘ ሰው ኤንቪዲያ ራሱ ያልሰጠውን ነገር ከተፎካካሪው አገኘ።

በሜይ 2022 ዴዝሉፕ የተባለው ጌም ላይ የወጣው ኤፍኤስአር 2 ያለፉ ፍሬሞችን መደመር ጀመረ። ውሳኔው ግን አሁንም በእጅ በተጻፈ ሕግ ነበር። የሁለቱ ልዩነት የሚታየው በእንቅስቃሴ ላይ ነው። ስክሪንሾት ላይ ኤፍኤስአር 2 እና ዲኤልኤስኤስ 2 ይቀራረባሉ። ገጸ ባሕሪው መሮጥ ሲጀምር ግን ኤፍኤስአር 2 ላይ በአካሉ ዙሪያ የሚፈላ የሚመስል ጠርዝ ይታያል፤ ቅጠልና ሣርም ይርገበገባሉ። ስለዚህ በስክሪንሾት ብቻ የሚያወዳድር ጽሑፍ ስታዩ ብዙ አትመኑት። እነዚህ ቴክኖሎጂዎች ቆመው ሁሉም ያምራሉ፣ የሚለዩት ሲንቀሳቀሱ ነው።

ኤኤምዲም በመጨረሻ ወደ ኤአይ ዞረ። በማርች 2025 ከአርኤክስ 9070 ካርዶች ጋር የወጣው ኤፍኤስአር 4 በሠለጠነ ኔትወርክ የሚሠራ ነው። ምስሉ በአንድ ስሪት ልዩነት ያን ያህል ሲሻሻል ያየሁት ከዲኤልኤስኤስ 1 ወደ 2 ጊዜ ብቻ ነው። ግን በይፋ የሚሠራው በእነዚያ አዲስ ካርዶች ላይ ሆነ። የማንም ካርድ ይሁን ሲል የኖረው ድርጅት ራሱ በሩን ዘጋ። ደግነቱ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ኤኤምዲ የኮድ ጥቅል ሲለቅ ለአሮጌ ካርዶች የሚስማማ የኤፍኤስአር 4 ስሪት አብሮ ወጣ። ኤኤምዲ ቶሎ አነሳው። ግን ሰው ቀድቶት ነበር፣ በቀድሞዎቹ ካርዶች ላይም ሠራ። ትንሽ ይከብዳል፣ ምስሉ ግን ከኤፍኤስአር 3 በግልጽ ይሻላል። ካርዶቹ አቅም አላቸው ማለት ነው። ያኔ በይፋ ቢሰጣቸው ኖሮ ስንት ሰው ይጠቀም ነበር!

ፍሬም መፍጠር፦ ለዓይን እንጂ ለእጅ አይደለም

በሴፕቴምበር 2022 ዲኤልኤስኤስ 3 ከአርቲኤክስ 40 ካርዶች ጋር ሲተዋወቅ ሁለተኛው ሥራ መጣ። ፍሬም መፍጠር። ካርዱ ሁለት እውነተኛ ፍሬሞችን ያሰላና በመሐላቸው ኤአይ የሠራው አንድ ፍሬም ይገባል። ዲኤልኤስኤስ 4 ይህን አሳደገው። በአርቲኤክስ 50 ካርዶች ላይ በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መሐል እስከ ሦስት የተፈጠሩ ይገባሉ። የ5070 እና የ4090 ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። 4090 አንድ ፍሬም ብቻ ሲጨምር 5070 ሦስት ይጨምራል፣ ቁጥሩም ይቀራረባል።

የሒሳቡን ጥግ ለማየት ፐርፎርማንስ ሞድን ከአራት እጥፍ ፍሬም ጋር አብሩት። አራት የ4ኬ ፍሬሞች 33 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ናቸው። ከዚያ ውስጥ ካርዱ በተለመደው መንገድ ያሰላው 2 ሚሊዮኑን ነው። ከ16 ፒክስል 15ቱ የኤአይ ሥራ ነው። በምህንድስና በኩል ይሄ የሚደነቅ ነገር ነው፣ አላሳንሰውም።

ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። በሁለት ፍሬሞች መሐል የሚገባ ፍሬም ለመሥራት ሁለቱም ቀድመው መኖር አለባቸው። ስለዚህ ካርዱ አዲሱን እውነተኛ ፍሬም ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ወዲያው አያሳያችሁም። ይዞት ይቆያል። መጀመሪያ መሐል የሚገባውን ያሳያል፣ ከዚያ እሱን። ማውሱን ስትጫኑ ውጤቱ የሚታየው በእውነተኛው ፍሬም ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ዘገየ። በተፈጠሩት ፍሬሞች ውስጥ የእናንተ አዲስ ትእዛዝ የለም።

መነሻው 60 ወይም 70 ኤፍፒኤስ ከሆነ እውነተኛ ፍሬም በየ15 ሚሊሰከንዱ ገደማ ስለሚመጣ መዘግየቱ ብዙም አይሰማም። እንደዚያ ሲሆን ፍሬም መፍጠር ደስ የሚል ነገር ነው። እንቅስቃሴው ቅቤ ይሆናል። መነሻው 30 ከሆነ ግን እውነተኛ ፍሬም የሚመጣው በየ33 ሚሊሰከንዱ ነው። በአራት ሲባዛ ቁጥሩ 120 ይላል። ዓይናችሁ 120 ያያል። እጃችሁ የሚሰማው ግን 30ውን ነው፣ እንዲያውም ከ30ም ትንሽ የባሰ። ኤንቪዲያ ይህን ለመቀነስ ሪፍሌክስ የሚባል መዘግየት የሚቀንስ ዘዴ አብሮ ያበራል። ይረዳል። መሠረቱን ግን አይቀይርም። ተኩስ ጌም የሚጫወት ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ደቂቃ ያውቀዋል።

ለዚህ ነው ኤፍፒኤስ የሚባለው ቁጥር ከ2022 በፊትና በኋላ አንድ ነገር አይደለም የምለው። ድሮ 120 ማለት ለስላሳም ፈጣንም ማለት ነበር። አሁን 120 ሲባል ስንቱ እውነተኛ ነው ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ይህን ሳይለዩ አሮጌና አዲስ ካርድን በአንድ ግራፍ ላይ ማስቀመጥ ገዢውን ማሳሳት ነው። ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ያንን ግራፍ አምኖ ነው።

የስክሪኑም ነገር አለ፣ እኛን በቀጥታ የሚነካው እሱ ነው። አገር ቤት ብዙ ሰው የሚጫወትበት ላፕቶፕ ወይም ሞኒተር 60 ኸርዝ ነው። በሰከንድ ከ60 በላይ ማሳየት አይችልም። በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ አራት እጥፍ ፍሬም አብርታችሁ ቁጥሩ 60 ላይ ከተገደበ ካርዱ በእውነት የሚሠራው 15 ፍሬም ብቻ ነው። የሚወጣው ጌም ለእጅ የሞተ ነው። ለ60 ኸርዝ ስክሪን በፍሬም ማብዛት ተጨማሪ ብር መክፈል ብክነት ነው። ስክሪኑ 144 ኸርዝና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው።

የዲኤልኤስኤስ 4 እውነተኛ ስጦታ

በዚያ የጃንዋሪ መድረክ ላይ ከፍሬም ማብዛቱ ጀርባ ተከልሎ የቀረ ሌላ ዜና ነበር። ምስል የሚያጠራው ኔትወርክ ተቀየረ።

ከዲኤልኤስኤስ 2 እስከ 3.5 የነበረው ኔትወርክ ሲኤንኤን የሚባል ዓይነት ነው። ምስሉን በትንንሽ ሰፈር ከፋፍሎ ያያል። አንድ ፒክስል ላይ ሲወስን በዋናነት የሚያማክረው ጎረቤቶቹን ነው። አዲሱ ትራንስፎርመር የሚባለው ነው፣ ቻትጂፒቲን የመሳሰሉት ላይ የሚሠራው ዓይነት። እሱ የትኛው የምስሉ ክፍል ለየትኛው እንደሚጠቅም ሙሉውን ፍሬምና ያለፉትን ጭምር አይቶ ይመዝናል። ያቺን ከባድ ውሳኔ፣ የድሮው መረጃ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን፣ የተሻለ አድርጎ ይወስናል።

ልዩነቱን አለን ዌክ 2 የተባለው ጌም ላይ በዓይን ማየት ይቻላል። የሚሽከረከር የአየር ማራገቢያ አለ። በአሮጌው ኔትወርክ ክንፎቹ ከኋላቸው ደብዛዛ የጥላ ጭራ ይጎትታሉ። በአዲሱ ክንፉ ክንፍ ነው፣ ጭራው የለም ማለት ይቻላል። የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹም በአሮጌው ትንሽ ይርገበገቡ ነበር፣ በአዲሱ ረግተው ቆመዋል። ሳይበርፐንክ 2077 ውስጥ ማታ መንገድ ዳር ቆማችሁ የሚያልፉትን መኪኖች ብታዩም ይሄው ነው። ፐርፎርማንስ ሞድ በአዲሱ ኔትወርክ ሲሠራ ብዙ ቦታ ላይ ከአሮጌው ኳሊቲ ሞድ ጋር ይፎካከራል። ስለዚህ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላችሁ ያንኑ ምስል ታገኛላችሁ፣ በላዩ ላይ ፍጥነት ይጨመርላችኋል። ይሄ ፍጥነት ደግሞ እውነተኛ ነው፣ እጅም የሚሰማው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ትራንስፎርመሩ በአርቲኤክስ 50 ብቻ አልተወሰነም። ከ2018ቱ አርቲኤክስ 20 ጀምሮ ሁሉም ጋ ይሠራል። በአሮጌዎቹ ላይ ከሲኤንኤኑ ይልቅ ስለሚከብድ ትንሽ ፍጥነት ይበላል። ምስሉ ግን ያው ነው። በ2018 የተገዛ ካርድ ያለ አንዲት ሳንቲም ጭማሪ የተሻለ ምስል አገኘ። ጌሙን የሠራው ድርጅት እጁን ባያስገባም ከኤንቪዲያ አፕ ውስጥ ጌሙን መርጦ የድሮውን ኔትወርክ በአዲሱ መተካት ይቻላል። በዚህ ዘርፍ ስለ አዲስ ስሪት ሲወራ መወራት የነበረበት ይሄ ነው።

ምርኩዙ እግር ሲሆን

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ ይህ ቴክኖሎጂ ተጨማሪ ነበር። ጌሙ ያለ እሱም ይሠራል፣ በእሱ ይፈጥናል። ከጊዜ በኋላ ግን ጌም ሠሪዎች ከመጀመሪያው ይቆጥሩት ጀመር። አለን ዌክ 2 በ2023 ሲወጣ የሚጠይቀውን ካርድ የዘረዘረው ዲኤልኤስኤስ ወይም ኤፍኤስአር በርቶ ነው፣ ለ1080ፒ ሳይቀር። በፌብሩዋሪ 2025 የወጣው ሞንስተር ሀንተር ዋይልድስ ደግሞ አንድ ዕርምጃ አለፈ። የሚመከረው ኮምፒውተር ላይ 60 ኤፍፒኤስ የሚገኘው ፍሬም መፍጠር ሲበራ እንደሆነ ጻፈ። እውነተኛው ከ60 በታች ነው ማለት ነው። የፍሬም መፍጠር ሠሪዎቹ ራሳቸው መነሻው 60 ገደማ ይሁን ብለው ይመክራሉ። እዚህ ጋ ምክሩና አሠራሩ ተጣልተዋል።

ኢንዲያና ጆንስ እና ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ የተባሉት ጌሞች ሬይ ትሬሲንግ በሌለው ካርድ ላይ፣ ማለትም በአሮጌዎቹ ጂቲኤክሶች ላይ፣ ጭራሽ አይነሱም። ኤንቪዲያም ለጂቲኤክስ 900 እና 10 ካርዶች የአዳዲስ ጌሞችን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) በኦክቶበር 2025 አቁሟል። ጂቲኤክስ 1060 ለዓመታት በጌም መሸጫው ስቲም ላይ ከሁሉም ካርድ የበዛ ተጠቃሚ የነበረው ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያለ ሰው ካርዱን አውጥቶ ይጥልና ሌላ ይገዛ ይሆናል። እኛ አገር ግን በጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጣ። ለብዙ ወጣት ካርድ መቀየር ማለት ላፕቶፕ መቀየር ነው፣ ላፕቶፕ መቀየር ደግሞ የዓመት ቁጠባ ነው። ስለዚህ አሮጌ ካርድን ዕድሜ የሚያረዝም ስሪት ለእኛ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው።

በእጃችን ባለው ምን እናድርግ?

ስክሪናችሁ 1080ፒ ከሆነ ፐርፎርማንስ ሞድን ተጠንቀቁ። ለ4ኬ ሲሆን መነሻው 1080ፒ ነው፣ ብዙ መረጃ አለው። ለ1080ፒ ሲሆን ግን መነሻው 540ፒ ነው፣ ግማሽ ሚሊዮን ፒክስል ብቻ። ከዚያ ተነስቶ ጥሩ ምስል ማውጣት ለትራንስፎርመሩም ይከብደዋል። ኳሊቲ ላይ ብትተዉት መነሻው 720ፒ ይሆናል፣ ያ ይሻላል። በኢንተርኔት የምታዩአቸው ማወዳደሪያዎች አብዛኞቹ በ4ኬ የተሠሩ ናቸውና ያንን ውበት በራሳችሁ ስክሪን ላይ ካላገኛችሁ ካርዳችሁ ተበላሽቶ አይደለም።

ጂቲኤክስ ያላችሁ ኤፍኤስአር 2 ወይም 3ን በኳሊቲ ተጠቀሙ። የኢንቴሉ ምስል ማሳደጊያ ኤክስኢኤስኤስ ጌሙ ውስጥ ካለ እሱንም ሞክሩት። ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ብዙ ጌም ላይ ከኤፍኤስአር 2 የረጋ ምስል ይሰጣል። አርቲኤክስ 20 ወይም 30 ያላችሁ ደግሞ ኤንቪዲያ ፍሬም መፍጠርን ከለከለን ብላችሁ አትዘኑ። ኤፍኤስአር 3.1 ያለበት ጌም ከሆነ ምስሉን በዲኤልኤስኤስ አጥርታችሁ ፍሬሙን በኤኤምዲው መጨመር ትችላላችሁ። ብቻ መነሻችሁ 60 አካባቢ ይሁን፣ የካርዱን ሚሞሪም አስቡ። ፍሬም መፍጠር ሚሞሪ ይበላል፣ 6 ጊጋ ባለው ካርድ ላይ ትርፉን መልሶ ሊያጠፋው ይችላል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ወይም ካርድ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ የሁለት ካርዶችን ታሪክ ልንገራችሁ። አርቲኤክስ 2060 በጃንዋሪ 2019 በ349 ዶላር ወጣ። ጂቲኤክስ 1660 ቲአይ በቀጣዩ ወር በ279 ዶላር ወጣ። ያኔ ዲኤልኤስኤስ ገና ደብዛዛው የመጀመሪያ ስሪት ላይ ነበር። ለሱ ብሎ 70 ዶላር መጨመር ለብዙ ሰው ትርጉም አልነበረውም፣ 1660ን የመረጠ ሰውም አይወቀስም። ዛሬ 2060 ከ2025ቱ ትራንስፎርመር ጋር ይሠራል፣ እነ ኢንዲያና ጆንስንም ያስነሳል። 1660 ቲአይ ሁለቱንም አይችልም። ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ግን ሁለቱ ካርዶች ያላቸው ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ዋጋ ይጠራባቸዋል። ሻጩ ራም እና ስቶሬጅ ሲቆጥርላችሁ እናንተ ስሙ ላይ ጂቲኤክስ ይላል ወይስ አርቲኤክስ የሚለውን እዩ።